ዘብ ላይ ተኝቷል የተባልኩበት ቀን

ለሠራዊት ስመዘገብ ስለ አእምሮዬ የተጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የጠየቀችኝ ነርስ መልሱን ከእኔ በፊት ጽፋ ጨርሳለች። ቡራዩ ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ኮሪደር፣ ሸሚዛችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ተሰልፈናል። ክብደት፣ ቁመት፣ ዓይን፣ ጥርስ። ጥርሴን ገበያ ላይ እንደቀረበ በቅሎ አገላብጣ አየችው። ደረቴን አዳመጠች፣ "ሳል" አለችኝ፣ ሳልኩ። ከዚያ ቀና እንኳ ሳትል "የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ እንዲህ ያለ ነገር የለብህም አይደል?" አለችኝ። እስክሪብቶዋ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ታች ወርዷል።

"የለብኝም" አልኩ።

አልዋሸሁም። ለእኔ የአእምሮ ሕመም ማለት በአምቦ መንገድ ዳር ማዳበሪያ ለብሶ ከመኪና ጋር የሚጣላው ሰውዬ ነበር። እኔ ልብሴን አጥባለሁ፣ ሰው ሰላም እላለሁ፣ በሰዓቱ ሥራ እገባለሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ ሌሊቱ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር መንጋቱን በሽታ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ከጤና ጣቢያው ወረቀት ሌላ የሦስት ጎረቤት ምስክርነት ያስፈልግ ነበር። ዋናው ምስክሬ የተከራየንበት ቤት ባለቤት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና "ይሄን ልጅ አሥር ዓመት አውቀዋለሁ። ጉርባ ጋሪ ነው፣ ጥሩ ልጅ። ጠጥቶ አይቼው አላውቅም። እንደውም ድምፁን ሰምቼው አላውቅም" አሉ። ጸሐፊው "ዝምተኛና ጨዋ" ብሎ ጻፈ። እኛ ዘንድ ሁለቱ ቃላት በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ አንዱን ስትስብ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ኦቦን አመስግኜ ወጣሁ። ያ ወረቀት በኋላ ምን ያህል እንደሚከተለኝ ግን አልገባኝም ነበር።

አሁን የታኅሣሡን ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባም።

በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ወዲህ ቡራዩ ላይ ቀኑ በምን እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጠዋት ታክሲ ይሠራል፣ ከሰዓት መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል። ሱቆች በግማሽ በር ይነግዳሉ። እኔ መንገድ ዳር ባለ ብሎኬት ማምረቻ እሠራ ነበር፤ ሲሚንቶና ፑሚስ የሚባል ቀላል ጠጠር እናቦካለን፣ ማሽኑ ይመታል፣ እኛ ተሸክመን ፀሐይ ላይ እንደረድራለን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከላይ በኩል ጩኸት መጣ። ባለቤቱ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ በሰንሰለት አስሮ ቆለፈውና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። "ማንም ቢሆን፣ እግዜር ራሱ ቢመጣ እንዳትከፍት" ብሎ በጓሮ አጥር ዘሎ ሄደ። ሌሎቹ ሠራተኞችም ተከትለውት ዘለሉ። እኔ ቁልፍ ስለያዝኩ ብቻ ቀረሁ። ቁልፍ የሰጡት ሰው የማይሄድበት ምክንያት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ አመል ነው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተደበደበ። "ክፈት! ባኒ! ባኒ!" ይላል አንዱ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ድምፁን አወቅኩት። ከማዶ ያለው አናጺ ቤት የሚሠራ እኩያዬ ነው፤ ምሳችንን በአንድ ሳህን እንበላ ነበር። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው። በሩ ከእኔ ሦስት እርምጃ አይርቅም። አልከፈትኩም። ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ በሩ ጸጥ አለ። ማን እንደተኮሰ አላውቅም፤ ማን እንዳልከፈተ ግን አውቃለሁ።

የጓደኛዬ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ድንኳን ተከልኩ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ። "ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ?" ያሉኝን ሁሉ "በጓሮ ወጥቼ ነበር" አልኳቸው። ሆድ ይፍጀው ይባል የለ፤ ሆዴ ሥራውን ጀመረ።

እንግዲህ ከዚያ ሰፈር ለመራቅ ነው የተመዘገብኩት። ጠመንጃ ስላለበት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ያ ሐሳብ በኋላ፣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በዚያ ወቅት ከእኛ ሰፈር ለሠራዊት መመዝገብ የሚያስጨበጭብ ነገር አልነበረም፤ ሰላምታ የነፈጉኝም ነበሩ። እናቴ ግን "እዚያ ቢያንስ በሰዓቱ ትበላለህ፣ ከስተሃል" ብላ ወፍራም ሹራብ ገዛችልኝ። ከሁሉ ቀድማ መክሳቴን ያየች እሷ ነበረች፤ ወስፋት መስሏት ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ።

የገባንበት ማሰልጠኛ ከሱሉልታ ወዲያ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ፣ ቀድሞ የከብት እርባታ የነበረ ግቢ ነው። ጊዜያዊ ነበር። ነፋሱ አጥንት ይቆጥራል። መጀመሪያ የሰጡን ጠመንጃ ከባሕር ዛፍ የተጠረበ እንጨት ነው፤ ማንገቻው ሲባጎ። ሳቅ መጣብን፤ ግን እንጨቱን የጣለ ሰው ልክ እውነተኛውን እንደጣለ በሆዱ ይሳብ ነበርና ቶሎ መሳቅ ተውን። እንጨታችንን ይዘን ሮቶ እንጠብቃለን፤ ሮቶው ጥቁር የፕላስቲክ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፣ የሚሰርቀውም የለ። እውነተኛዎቹ ጠመንጃዎች ወተት ይቀመጥበት በነበረው የግንብ ቤት ውስጥ ተቆልፈዋል። እሱን ግምጃ ቤት እንለዋለን። ከየጋንታው አንድ አንድ የታመነ ምልምል ተመርጦ፣ ከሌሎቻችን ቀድሞ፣ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ ግምጃ ቤቱን ብቻውን እንደሚጠብቅ ተነገረን። ማን ይታመናል? እሱን የሚወስነው ግምገማ ነው።

ግምገማን ላላየ ሰው ልንገረው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ድርቆሽ ይከመርበት በነበረው ዳስ ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንዱ ይነሳና የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ግለሂስ ይባላል። ከዚያ ሌሎቹ ሂሳቸውን ይጨምሩበታል። አሠልጣኛችን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው አሥር አለቃ፣ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ዳቦ ሁለቴ ተሰልፎ ወስዷል። አለቃ ሲናገር ስቋል። የሰው ሳሙና ተጠቅሟል። ከሰበታ የመጣ አንድ ልጅ እሁድ በስልክ ከእናቱ ጋር ሲያወራ አለቀሰ፤ አምስት ሰው ተነስቶ "ስሜቱን መቆጣጠር አይችልም" አለበት፤ "መሣሪያ ለመያዝ ገና ነው" ተብሎ ተጻፈ። ያ ልጅ አልቅሶ ሲጨርስ ገብቶ ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር። ከሁላችንም ጤነኛው እሱ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

የእኔ ተራ ሲደርስ "ሂስ ያለው?" ይባላል። ማንም አይነሳም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔ አፌን ከፍቼ አላውቅማ! አልጨቃጨቅም፣ አላማርርም፣ ፊሽካ ሲነፋ ከሁሉ ቀድሜ ተሰልፌ እገኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ ያደረ ሰው ጠዋት ቀድሞ ቢሰለፍ ምን ይገርማል? አሥር አለቃው ግን ከቀበሌ የመጣውን ወረቀቴን አውጥቶ "ዝምተኛና ጨዋ" የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበና "ከእሱ ተማሩ" አለ። በሁለት ወር ውስጥ ከጋንታው አንደኛ ሆንኩ። የግምጃ ቤቱ ዘብ እንደምሆን ያላወቀ አልነበረም።

እውነቱን ሳልሸፋፍን ልናገር። እኔ ያን ቀን የምጠብቀው ለሌላ ነገር ነበር። ጠመንጃ ይዤ ብቻዬን የምቆምበት ቀን ሲመጣ ይሄ ነገር ያልቃል ብዬ ወስኛለሁ። ሌላ ሰው ላይ ክፉ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት በራሴ ላይ ነው። ከወሰንኩ በኋላ ደግሞ ቀለለኝ። መብላት ጀመርኩ። ቀልድ ሲቀለድ ሳቅኩ። አሥር አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አሁን ወታደር መሰልክ" አለኝ።

ያልተታለለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው ምልምል ከሀዲያ የመጣ ጴንጤ ነው፤ ሠራዊት ከመግባቱ በፊት ቡራዩ ሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲሸከም ኖሯል። ጮክ ብሎ ስለሚጸልይ "ፓስተሩ" እያልን እናበሽቀው ነበር። ውሸት የሚባል ነገር አይችልበትም። ግምገማ ላይ ማንም ሳይጠይቀው ይነሳና "ዛሬ ስንሮጥ አለቃን በልቤ ተሳድቤአለሁ" ይላል፤ ዳሱ በሳቅ ይፈርሳል፤ አሥር አለቃው ራሱ ጽፎ ሳይጨርስ ይስቃል።

የግምጃ ቤቱን ዘብ የሚለየው ዝርዝር ሊነበብ ሦስት ቀን ሲቀረው ሹራቤን ሰጠሁት።

"አንተስ?" አለኝ።

"እኔ ብርድ እችላለሁ።"

"ትናንት ደግሞ ሳሙናህን ለዚያ ለሰበታው ልጅ ሰጠኸው።"

"ታዲያ ብሰጥስ? ስጦታ ተከለከለ እንዴ?" አልኩና ሳቅኩ። "ይልቅ ወደ ቡራዩ ከሄድክ እናቴን ሰላም በልልኝ። ጀባዱ ብሎሻል በልልኝ፣ በርቺ ማለት ነው።"

"እሁድ ደውለህ ራስህ በላት እንጂ።"

"እላታለሁ። እንዲያው ነው።"

ትክ ብሎ አየኝ። ሹራቡን አልለበሰውም፤ አጣጥፎ ትራሱ ሥር አደረገው።

የዝርዝሩ ቀን ዝናብ ነበር፤ ዳሱ ሥር ጭቃ ገብቷል። አሥር አለቃው ስሜን ከጻፈበት ገጽ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ ለደንቡ ያህል፣ "በእሱ ላይ ሂስ ያለው?" አለ። መልስም ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ነበር።

"እኔ አለኝ" አለ ፓስተሩ።

ሁሉም ዞረ። እኔ ስለ ሹራቡ ሊናገር ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፦ "ማክሰኞ ከሰዓት የሮቶው ዘብ ነበር። በዚያ ሳልፍ ተኝቶ አገኘሁት። እንጨቱ ከእጁ ወድቋል። ያንኮራፋል።"

ክቡ በሳቅ አጉረመረመ። ዘብ ላይ መተኛት ከጥፋት ሁሉ የከፋው ነው፣ ከዝርዝሩ ያሰርዛል፤ አንደኛው ምልምል፣ ከእሱ ተማሩ የተባለው ሰውዬ፣ ሮቶ ሥር ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ታያቸው። ደሜ ፈላ። ለመሞት የወሰነ ሰው ስለ ስሙ ምን ገደደው ትሉ ይሆናል። እኔም አሁን እላለሁ። ያኔ ግን ብድግ አልኩ።

"እኔ? እኔ ተኛሁ?" ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "ከተኛሁ ስድስት ወር አለፈኝ እኮ! ሌሊት ማን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ? አንተ ጥርስህን ታፋጫለህ። አንተ በእንቅልፍ ልብህ ላም ትነዳለህ። አንተ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ እናትህን ትጠራለህ፤ በየቀኑ፣ ሁለት ጊዜ። የጣሪያውን ሚስማር ቆጥሬ ጨርሻለሁ! እኔ ነኝ የተኛሁት?"

ሳቁ ቀረ። አሥር አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ለምንድን ነው የማትተኛው?" አለኝ።

"ደህና ነኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "በሩን አልከፈትኩለትም" የሚል ነው። ከዚያ ቁልፉን፣ ሰንሰለቱን፣ "ባኒ" ሲል የነበረውን ድምፅ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ አወጣሁት። በለቅሶው ጊዜ ያላለቀስኩትን እዚያ፣ ሠላሳ ምልምል ፊት፣ ጭቃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሥር አለቃው መዝገቡን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ፤ ይሄ በየትኛው ረድፍ እንደሚጻፍ ጠፋው። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ "ግምጃ ቤቱ ላይ ስትቆም ምን ልታደርግ ነበር?" አለኝ። አልመለስኩለትም። በዚያ ግቢ ዝም በማለቴ ያልተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ስሜን ሰረዘው። የእንጨቱን ጠመንጃ ሳይቀር ከእጄ ተቀበለኝ።

ፓስተሩ እንደቆመ ነበር። "ግለሂስ አለኝ" አለ። "ዋሽቻለሁ። ተኝቶ አላየሁትም።"

በሐሰት መመስከር ቅጣቱ ከባድ ነው። አሥር አለቃው ለምን እንደዋሸ ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነውና ጻፈበት፦ ሁለት ሳምንት ድንጋይ ማመላለስ፣ ከዝርዝሩም መጨረሻ። ያ ሰው በሕይወቱ የዋሸው አንድ ውሸት በመዝገብ ላይ ሰፈረ።

እኔን በማግሥቱ በደብዳቤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ላኩኝ። እዚያ አንዲት ሐኪም "እንቅልፍህ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችኝና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መልሱን ጠበቀች። እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ከመድኃኒቱ በላይ ግን እሷ ዘንድ እየተመላለስኩ ማውራቱ ጠቀመኝ። ከማሰልጠኛው "ለአገልግሎት ብቁ አይደለም" ተብዬ ተሰናበትኩ። ሰፈር ስመለስ ማፈሬን አልደብቅም። እናቴ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችውና "እኔ አንተን እንጂ ወታደር አልወለድኩም" አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እውነት ነው፤ ችግሩ ደባቂው የደበቀው ነገር በሽታ መሆኑን አለማወቁ ነው። አሁን ፉሪ ላይ የራሴ ብሎኬት ማምረቻ አለኝ። እተኛለሁ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን እተኛለሁ።

ዕቃዬን ልወስድና ልሰናበት ወደ ግቢው የተመለስኩበትን ቀን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በፓስተሩ ላይ ያለኝ ቁጣ አልበረደም ነበር። ነፍሴን እንዳተረፈ ጭንቅላቴ ያውቃል፤ ሆዴ ግን ሠላሳ ሰው ፊት ያዋረደኝን ነው የሚያስበው። ድንጋይ ከሚቆልልበት ቦታ ሄጄ ሳልቀመጥ ጀመርኩት።

"ለአለቃው በጆሮው መንገር አትችልም ነበር?"

ተሸክሞት የነበረውን ድንጋይ አወረደ። ትከሻው ላይ ማዳበሪያ አጣጥፎ አድርጓል። "ነግሬዋለሁ" አለ። "ሹራቡን የሰጠኸኝ ዕለት ነገርኩት። 'እሱ? እሱ ከሁላችሁ የተሻለ ነው' አለኝ።"

"እሺ፣ እኔን ራሴን አትጠይቀኝም ነበር? ሰው ጓደኛውን ይጠይቃል እንጂ ስሙን ያጠፋል?"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ታላቅ ወንድሜን ጠይቄው ነበር" አለ። "አንድ ቀን አዲሱን ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ። 'ደህና ነህ?' አልኩት። 'ደህና ነኝ' አለኝ። እኔም አመንኩት።"